ሲመረምሯት የምትድነው ጂፕ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እጄ ጠራ። ድሮ በጥፍሮቼ ዙሪያ የነበረው ጥቁር መስመር በሳሙናም በሎሚም በአመድም እንቢ ብሎኝ ነበር፤ ሥራውን ስተው ግን ሳይሰናበተኝ ሄደ። ቤተ ክርስቲያን የምንገናኝ ሴቶች እጄን ይዘው ያገላብጡና «አስቴር፣ አሁን ገና ሴት ሆንሽ!» ይሉኛል። «ድሮስ ምን ነበርኩ?» ስላቸው «ካቻቪቴ!» ብለው ይስቃሉ።

በቅርቡ መናኸሪያው አጠገብ አዲስ የተከፈተ ጋራዥ ጎራ ብዬ ነበር። መካኒኩ ከመሪው ሥር አንዲት ሶኬት ፈልጎ ገመድ ሰካና፣ በእጁ የያዛት መሣሪያ የመኪናዋን ሕመም ዘርዝራ ነገረችው። ትናንት መንገድ ላይ ሞተሯ ጠፍቶ ዛሬ የዳነች መኪና ብትሆን እንኳ፣ መሣሪያዋ «ትናንት እንዲህ ሆና ነበር» ብላ ትመሰክራለች። ቆሜ አየሁና «ተመስገን» አልኩ። መካኒኩ ግራ ገብቶት «ምነው እማማ?» አለኝ። «እንዲህ ያለ ምስክር ያጣ ሰው አውቅ ነበር» አልኩት። ሥራ ይዞ ስለነበር ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም። እናንተ ጊዜ ካላችሁ ግን ልንገራችሁ።

ጋራዥ የገባሁት መካኒክ ልሆን አልነበረም፤ ሻይ ላፈላ ነው። ሆሳዕና ውስጥ የአውራጃው መሥሪያ ቤቶች መኪና የሚጠገንበት አንድ ሰፊ ግቢ ነበር። ጠዋት ሻይ አፈላለሁ፣ ግቢውን እጠርጋለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የተፈታታውን የሞተር ዕቃ በነጭ ጋዝ አጥባለሁ። የእኔ ትምህርት ቤት ያ የማጠቢያ ሳፋ ነው። ዕቃ ያጠበ ሰው ዕቃውን ያውቀዋል፤ የቱ ጋ ቀዳዳ እንዳለው፣ የቱ ጋ ቆሻሻ እንደሚደብቅ፣ የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚገጥም ጣቱ ይማራል።

ከማጠብ ወደ መፍታት ያሻገረኝ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሰልፍ ነው። ዘመኑ የደርግ ዘመን ነው፤ የሴቶች በዓል በመጣ ቁጥር እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት «ከወንድ እኩል የምትሠራ ሴት አቅርብ» ይባላል። በእኛ ግቢ ከእኔ በቀር ሴት የለም። ሰማያዊ ቱታ አለበሱኝና ትልቅ የብሎን መፍቻ አሸክመው ከተማውን አዞሩኝ። እናቴ ከዳር ቆማ አይታኝ አለቀሰች፤ «ልጄ ምን ሰረቀች ብለው ነው ብረት ያሸከሟት?» ብላ። በማግስቱ ቱታውን መልሺ ሲሉኝ «አልመልስም» አልኩ። «ሴት መካኒክ አለን ብላችሁ በሕዝብ ፊት አውጃችኋል። ዛሬ ሻይ ስቀዳ ያየኝ ሰው ምን ይላል?» አልኳቸው። ቱታው እኔው ጋ ቀረ። እንዲህ ሆኜ ነው ረዳት መካኒክ የተባልኩት።

ከዚያ በኋላማ ዱራሜም ሠርቻለሁ፣ ሾኔም ከርሜያለሁ፣ በሞርሲቶ መንገድ ጭቃ ውስጥ በጀርባዬ ተኝቼ ያልፈታሁት ነገር የለም። አለቆች መጥተው ሄደዋል፤ አንዱ ይጮህ ነበር፣ አንዱ ስብሰባ ይወድ ነበር፣ አንዱ ሞተር ሲነሳ ጆሮውን ይይዝ ነበር። ደመወዙም ከወር ወር ያደርስ ነበር፣ አልዋሽም። ከሁሉ የማልረሳው ግን ያስተማረኝን ሰው ነው።

ጋሽ ሸምሱ ይባላል። ትውልዱ ጉራጌ፣ ሙያውን አዲስ አበባ ከጣልያን መካኒኮች ሥር የቀሰመ፣ ቀጭን፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። ሌላው መካኒክ ሥራ ሲጨርስ እጁን ይታጠባል፤ ጋሽ ሸምሱ ሳይጀምርም ይታጠባል። «በሽተኛ እኮ ነው የምነካው» ይላል። ረጅም የእንጨት ዘንግ ነበረችው፤ አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ይጨፍንና ያዳምጣል። ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ ማንም አያስነጥስም።

ሁለት ሕግ ነበረው። «ኮፈኑን ከመክፈትሽ በፊት ሾፌሩን ክፈቺ» ይላል አንደኛው። መኪና ይዞ የመጣ ሾፌር መጀመሪያ ይቀመጣል፣ ሻይ ይሰጠዋል፣ ይጠየቃል። መቼ ጠፋች? የት? ዳገት ላይ ነው ወይስ ሜዳ? ዝናብ ነበር? ጭነትስ? ምን ድምፅ ሰማህ? ሾፌሩ ተሰላችቶ ጨረስኩ ሲል ጋሽ ሸምሱ ገና እየጀመረ ነው። ሁለተኛው ሕጉ ደግሞ «ሁለት ነገር ባንዴ አትቀይሪ፤ የቱ እንዳዳናት አታውቂም» የሚል ነው።

የማወራላችሁ ሁለቱንም ሕጎች ባንዴ ስለጣስንባት መኪና ነው።

ጂፗ ከንጉሡ ዘመን የተረፈች አሮጌ ናት። ጣራዋ ሸራ ነው፤ ቀለሟ አረንጓዴ ነበር ቢሏችሁ የምታምኑት ለይሉኝታ ነው። ሾፌሯ ጋሽ ኤርጫፎ የሆሳዕና ዙሪያ ሰው ነው፤ ግዙፍ፣ ዝምተኛ፣ መኪናዋን እንደ እርሻ በሬው የሚወድ። ሲነዳት በሀዲይኛ ያናግራታል። «አማርኛ አትሰማም እንዴ?» ስንለው «መስማቱን ትሰማለች፤ በአማርኛ ሲሆን ግን ስብሰባ ይመስላታል» ይለን ነበር።

ሕመሟ እንዲህ ነው። ከሆሳዕና ተነስታ ወደ ዱራሜ ስትሄድ፣ አንጋጫ ከመድረሷ በፊት ያለው አቀበት ላይ ሞተሯ ያንቀዋል፣ ያንቀዋል፣ ከዚያ ጭጭ። ቆየት ብላ ትነሳለች፤ ትንሽ ትሄድና እንደገና ጭጭ። ሌላ ቀን ደግሞ ያንኑ አቀበት እያንጎራጎረች ትወጣዋለች። ጋራዥ ስትመጣማ ምንም የለባትም። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ብትነዷት እንደ ሰዓት ትሠራለች። የጥርስ ሕመም ሐኪም ደጃፍ ሲደርስ እንደሚጠፋው በሉት።

በሌላ ዘመን ቢሆን የሚያስቅ ነበር። ያኔ ግን ቤንዚን በኩፖን ነው። በየመንገዱ ቤንዚን እየተቀዳ ይሸጣል የሚል ወሬ ስለነበር፣ የመኪኖቹ ሰልባትዮ፣ የቤንዚን መያዣው ማለቴ ነው፣ ክዳኑ በሽቦ ታስሮ በማኅተም ይታሸጋል። የሚከፍተው የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ብቻ ነው። መኪና ከመንገድ ሲመለስ ማኅተሙን ይቆርጣል፣ በዘንግ ቤንዚኑን ይለካል፣ መልሶ ያሽጋል። እሱ ሳይለካ መኪና መንካት ለእኛም ክልክል ነው።

በዚያ ላይ አቀበቱ አጠገብ ጥቂት ቤቶች ያሏት መንደር አለች። ያን ጊዜ የእኛ የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት በመንግሥት ተዘግተው ነበር፤ ምእመናን በየሰው ቤት ተሰብስበው ነበር የሚጸልዩት። በዚያች መንደርም እንዲህ ያለ ቤት አለ ይባላል። ጋሽ ኤርጫፎ ደግሞ ጸሎተኛ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። እንግዲህ ነገሩ ገብቷችኋል። መኪናዋ ቦታ መርጣ እዚያ ትቆማለች፤ ሲመረምሯት ደግሞ ጤነኛ ናት። «ሊጸልይ ሆን ብሎ ነው የሚያቆማት» ተባለ።

የመሥሪያ ቤቱ የፖለቲካ ኃላፊ ጓድ ተፈራ የሚባል ነበር። አንድ ቀን ግቢያችን መጣና ጋሽ ሸምሱን ጠየቀው።

«የታመመችው መኪናዋ ናት ወይስ ሰውየው ነው?»

«መኪናዋ ናት።»

«ምኗን?»

ጋሽ ሸምሱ ንጹሕ እጁን በጨርቅ ጠረገ። አላወቀማ።

«እንግዲያው በዚህ ሳምንት አድኗት። ከዚያ በኋላ ብትቆም እናንተን አልጠይቅም፤ እሱን ነው» አለና ሄደ።

በፍርሃት የሚሠራ ሰው ሕግ አያውቅም። ጋሽ ኤርጫፎን አስቀምጦ ሻይ መስጠት የሚባለው ነገር ቀረ። እሱ ራሱ ሊነግረን ሞክሮ ነበር እኮ፤ «ከመጥፋቷ በፊት ከመቀመጫዬ ሥር ደንግ ትላለች» አለን። ከመካከላችን አንዱ «ሰይጣን ጭነሃላ! ቲኬት ቁረጥለት!» ሲል ሁላችንም ሳቅን፤ እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ካንዴላዎቿን ቀየርን፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የምትሰጠውን ቦቢናዋን ቀየርን፣ የቤንዚን ፓምፗን ፈትተን አደስን፣ ካርብሬተሯን እኔው በዶሮ ላባ እየጠራረግሁ አጠብኩት። ሁሉንም ባንዴ። ስንሞክራት እንደ አዲስ ሆነች። ጋሽ ሸምሱ «ጤነኛ ናት» ብሎ ፈረመና መለስናት።

በሚቀጥለው ጉዞ አቀበቱ ላይ ቆመች።

ጋሽ ኤርጫፎ ከዚያ መንገድ ሲመለስ ቤቱ አልገባም፤ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። ክሱ አሻጥር ነው። ማስረጃው ምን መሰላችሁ? የእኛ ቃል። መኪናዋ ጤነኛ ከሆነች ያቆማት ሰውየው ነዋ። የአሻጥር ክስ ያን ጊዜ እንደ ሌላው ክስ አይደለም፤ ከአውራጃው ወደ ላይ ከተላለፈ ሰውየው የት እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። እስኪተላለፍ ጥቂት ቀን ነበረን።

ያን ሰሞን ጋሽ ሸምሱ ሌላ ሥራ አይነካም ነበር። ጂፗን ይዞራታል፣ ይዞራታል፣ ይቀመጣል። አንድ ጠዋት ሻይ ይዤለት ስሄድ ቀና ብሎ አየኝና «አስቴር፣ ያልከፈትነው ነገር አለ» አለኝ።

«ምን ቀረን ጋሼ? ያልፈታነው ብሎን የለም።»

«ሾፌሩ ቀርቶናል።»

የጋሽ ኤርጫፎ ሚስት እትዬ ታደለች በየቀኑ ምሳ ታደርስለት ነበርና አብረናት ሄድን። ጋሽ ሸምሱ ፔርሙስ ሙሉ ሻይ ይዟል። ጠባቂው «ስለ መኪና ብቻ ከሆነ» ብሎ በእንጨቱ አጥር በኩል እንድናወራ ፈቀደልን፤ እሱም ወሬ ናፍቆት ኖሮ አጠገባችን ቁጭ አለ። ጋሽ ኤርጫፎ ሲመጣ ያ ሁሉ ግዝፈት ተሸብሽቦ ኮቱ ሰፍቶታል።

ጋሽ ሸምሱ ሻይ ቀድቶ በአጥሩ አሻገረለት። «ጠጣ። ከዚያ ንገረኝ።»

«ምን ልንገርህ ሸምሱ? ጤነኛ ናት ብለህ ፈርመህብኛል።» ቁጣ አልነበረበትም፤ ድካም እንጂ።

«ፈርሜያለሁ። አሁን ልሰማህ ነው የመጣሁት። ሁልጊዜ ትቆማለች?»

«የለም። ስትፈልግ ነው።»

«መቼ ነው የምትፈልገው?»

ጋሽ ኤርጫፎ ሲያስብ እትዬ ታደለች ከኋላችን ሆና «ቤንዚን በሞሉለት ቀን ነዋ» አለች።

ሁላችንም ዞርን። «አንቺ በምን አወቅሽ?»

«በምን አውቃለሁ! ኩፖን በመጣ ቀን አምሽቶ ነው የሚገባው። በሌላው ቀን እራቱ ሳይቀዘቅዝ ይደርሳል። ‹ከቤንዚኑ ጋር ምን አላችሁ?› ብዬ ስንቴ ጠይቄዋለሁ።»

ጋሽ ኤርጫፎ ኩባያውን ከአፉ አነሳ። «እውነቷን ነው። ሙሉ ስትሆን ነው የምትለግመው። ግማሽ ስትሆን እንዲያውም ትበራለች።»

ጠባቂው ከት ብሎ ሳቀ። «እንደኔ ናት በላ! እኔም ጠግቤ ዳገት አልወጣም።»

«ድምፁስ?» አልኩት እኔ። «ደንግ ያልከን።»

«ስነግራችሁ ሳቃችሁ።»

«አሁን አንስቅም ጋሼ።»

«ከሥሬ ነው። ባዶ በርሜል በቡጢ ሲመቱት እንደሚለው፤ ደንግ! ከዚያ ትንሽ ትሄድና ትሞታለች።»

በዚያች ጂፕ ሰልባትዮው የሚገኘው ከመቀመጫው ሥር ነው። ጋሽ ሸምሱ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ፤ ዘንጓን ጆሮው ላይ ያደረገ ነው የሚመስለው። ስንመለስ መንገድ ላይ «በሙሉ ሰልባትዮ ሞክረናት እናውቃለን?» አለኝ።

«የሕዝብ ቤንዚን ለሙከራ ማን ይሞላልናል ጋሼ? ተጉዛ ተጉዛ ሲጎድልባት ነው የምትመጣልን።»

«እንግዲህ በሽታው ሲነሳባት አይተናት አናውቅም ማለት ነው» አለ።

ጓድ ተፈራ ቢሮ አብረን ገባን። ነገሩን ስናስረዳው ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ጣለ። «ቤንዚን ሞልቼ ለሽርሽር ልስደዳችሁ?»

«ዱራሜ ስብሰባ አለብዎት ሲባል ሰምቻለሁ ጓድ» አልኩት። «በእሷ ይሂዱ። እኔ እነዳለሁ።» መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም።

«ብትቆምስ?»

«ብትቆም በዓይንዎ ያያሉ። ባትቆም ዱራሜ ይደርሳሉ።»

ሳቅ አመለጠው። ቶሎ ብሎ መለሰውና «አንቺም ጸሎተኛ ነሽ አሉ። እዚያ ጋ ሆን ብለሽ ብታቆሚያት አንቺንም ከእሱ ጋር ነው የማስቀምጥሽ» አለኝ። ቀልድ ይሁን አይሁን ዛሬም አላውቅም።

በጉዞው ቀን ጠዋት ሰልባትዮው እስከ አፉ ሞላ፣ ክዳኑ ታሰረ፣ ታሸገ። ጓድ ተፈራ ከጎኔ ተቀመጠ፤ ጋሽ ሸምሱ ዘንጉንና የመፍቻ ከረጢቱን ይዞ ከኋላ። ከከተማው ስንወጣ ጓድ ተፈራ መንገዱን እንደማያይ ልብ አልኩ። የሚያየው እግሬን ነው። ቤንዚኑን ስረግጥ፣ ፍሬን ስነካ፣ ማርሽ ስቀይር ዓይኑን ከእግሬ አይነቅልም።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ ሞተር እንዳይጠፋ ስጸልይ የኖርኩ ሴት ነኝ። ያን ጠዋት ግን በሆዴ «ጌታ ሆይ፣ አጥፋት» እያልኩ ነበር የምነዳው። ጂፗ ደግሞ እንደዚያን ቀን አምሮባት አያውቅም! በእንሰቱ መካከል ስትከንፍ፣ ጉድጓዱን ስትዘል፣ ሞተሯ እንደ ንብ ቀፎ እኩል ድምፅ ሲያሰማ፣ ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ካልቆመች ጋሽ ኤርጫፎ አለቀለት።

አቀበቱን ጀመርን። ማርሽ ቀነስኩ። ታጥፈን መሃል እንደደረስን ከመቀመጫዬ ሥር «ደንግ!» አለ።

ጓድ ተፈራ ብድግ አለ። «ምንድን ነው?»

«እሷ ናት!» አለ ጋሽ ሸምሱ ከኋላ፣ ልጅ እንደተወለደለት ሰው።

ትንሽ ሄድን። ከዚያ ሞተሯን ሳል እንደያዘው ሰው ያንቀው ጀመር። ቤንዚኑን እስከ ወለሉ ረገጥኩት፤ «እግሬን ይዩልኝ ጓድ፣ እግሬን ይዩልኝ!» እያልኩ። እያየው ሳለ ጭጭ አለች።

ዕለቱ የአንጋጫ ገበያ ስለነበር ቆጮ በኮባ ጠቅልለው የተሸከሙ ሴቶች በዳር በዳር ይሄዱ ነበር። አንዷ ቆመችና «ዛሬም? ይቺ መኪና እዚህ ሰፈር ነው እንዴ የተዳረችው?» አለች። ሌላዋ እኔን ከመሪው ኋላ ስታይ «ወይ ጉድ፣ ሾፌሯ ሴት ናት! ደንግጣ ነው የቆመችው!» ብላ ሁሉንም አሳቀቻቸው። ሸክማቸውን አውርደው ከበቡን።

ጋሽ ሸምሱ ከያዝነው ውኃ እጁን ታጠበ። አዎ፣ እዚያም! ከዚያ አንድ የካንዴላ ሽቦ ነቅሎ ከብረቱ አስጠጋና «አስነሺ» አለኝ። ሰማያዊ እሳት ጣ ጣ አለ። «እሳት አላት። ያጣችው ቤንዚን ነው።»

«ቤንዚን?» አለ ጓድ ተፈራ። «ጠዋት እኔው ቆሜ እስከ አፏ አይደል እንዴ የተሞላችው?»

እኔ ወርጄ ከሰልባትዮው የሚመጣውን ቧንቧ ከፓምፑ ላይ ፈታሁ። ቤንዚኑ እንዳይፈስ ብዬ ቶሎ በጣቴ ደፈንኩት። ጠብ አላለም። ይልቅ ምን ሆነ መሰላችሁ? ቧንቧው ጣቴን ሳበኝ። ጥጃ የሰው ጣት ሲጠባ አይታችኋል? ልክ እንደዚያ።

«ጋሼ! እየጠባኝ ነው!»

«ምኑ?»

«ቧንቧው! ጣቴን ይጠባል!»

መጥቶ በእኔ ጣት ፋንታ የራሱን አስገባ። ፊቱ ሲለወጥ አየሁት። ከዚያ ቀና ብሎ «ጓድ፣ ጣትዎን ያምጡ» አለ።

ጓድ ተፈራ በንጹሕ ካኪ ልብሱ ትንሽ አመነታ፤ እጅጌውን ሰበሰበና ጎንበስ ብሎ ጣቱን ሰጠ። ጥቂት ቆይቶ «ምንድን ነው የሚስበኝ?» አለ፤ ድምፁ የስብሰባው ድምፅ አልነበረም።

«ቤንዚን ሲወጣ በምትኩ አየር መግባት አለበት» አለው ጋሽ ሸምሱ። «አየር ካልገባ ሰልባትዮው ቤንዚኑን መልሶ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ፓምፑ ቢታገል አያሸንፈውም። ግማሽ ስትሆን በውስጧ ብዙ አየር ስላለ ሩቅ ያደርሳታል። እስከ አፏ ሲሞሏት ግን የሚተርፋት አየር ትንሽ ነው፤ እስከዚህ አቀበት ብቻ ያመጣታል። ደንግ የሚለውም ሌላ አይደለም፤ ቆርቆሮው ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ነው።»

«አየር በየት ነው የሚገባላት?»

«በክዳኑ። የመርፌ ቀዳዳ የምታህል መተንፈሻ አለችው።»

ሁላችንም ክዳኑን አየን። ሽቦና ማኅተም። ማኅተም መቁረጥ ያኔ ቀልድ አይደለም፤ እኔም ጋሽ ሸምሱም እጃችንን አላነሳንም።  ጓድ ተፈራ ማኅተሙን ረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየና እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።

«ፒንሳ።»

ሰጠሁት። ሽቦውን ራሱ ቆረጠው። ክዳኑ አልዞርም ብሎ ታገለን፤ ጋሽ ሸምሱ በጨርቅ ይዞ ሲያዞረው ጂፗ ውኃ ውስጥ ቆይቶ ብቅ እንዳለ ሰው ረጅም ትንፋሽ ሳበች። መጨረሻ ላይ ከሥር «ደንግ!» አለ፤ የታጠፈው ቆርቆሮ ተመለሰ። ሴቶቹ «ተነፈሰች! ተነፈሰች!» ብለው እልል አሉ።

ክዳኑን ገለበጥኩት። ከካላማደሪያ ጎማ የተቆረጠ ቀለበት ተገጥሞበታል፤ ጎማውን ሳነሳ መተንፈሻዋ ቀዳዳ በማኅተም ሰም ድፍን ብላለች። ልብስ ሰፊም እንደዚያ ንጹሕ አድርጎ አይደፍንም። በኋላ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሲጠየቅ ምንም አልደበቀም፤ «በቀዳዳዋ ቤንዚን ሲሸተኝ የሕዝብ ንብረት በነፋስ አይሄድም ብዬ ደፈንኩት» አለ። ምስኪን፣ ጎበዝ የሠራ መስሎት ነበር። በዚያ ዘመን ጠብታ የማያባክን ሰው ቢመሰገን እንጂ ማን ይነቅፈዋል?

ጋሽ ሸምሱ ግንባሩን መታ። «አስቴር፣ አየሽ? እኛ ጋ ስትመጣ መጀመሪያ ምን ይደረጋል?»

«ክዳኑ ተከፍቶ ቤንዚኑ ይለካል» አልኩ። ይህን ስናገር ነው ለራሴም የገባኝ። ያቺ መኪና ሁልጊዜ ተንፍሳ ነው የምትደርሰን። ሌባ እንዳይኖር የሚለካው ዘንግ በሽታዋን ደጃፍ ላይ እያዳነ ያስገባልን ነበር።

ሰሙን በመርፌ ወጋሁ፣ ቧንቧውን መልሼ አሰርኩ፣ ፓምፑን በእጅ ጥቂት ጊዜ ገፋሁና አስነሳኋት። አቀበቱ ላይ ቆማ እንደ ድመት አንኮራኮረች።

«አዙሪያት» አለ ጓድ ተፈራ።

«ዱራሜስ? ስብሰባው?»

«ወደ ሆሳዕና አዙሪያት ነው ያልኩሽ።»

 መንገዱን ሁሉ ጣቱን አልፎ አልፎ ያየዋል።

ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ እትዬ ታደለች ባዶ የምሳ ዕቃዋን ይዛ ቆማ ነበር። ጂፗን እኔ ስነዳት ስታይ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳታውቅ አጥሩ ሥር ቁጭ አለች። ጓድ ተፈራ ብቻውን ገባ። ቆየ። ጋሽ ሸምሱ ምንም ያልሆነውን ኮፈን ይወለውላል፤ እኔ የእትዬ ታደለችን እጅ ይዣለሁ።

ጋሽ ኤርጫፎ ማሰሪያ የሌለው ጫማውን እየጎተተ ብቻውን ወጣ። ሚስቱን አቀፈ፣ አለቀሱ፣ ከዚያ ወደ እኛ ዞረ። መጀመሪያ የተናገረው «ተፈታሁ» አይደለም። «ምኗን ነበር?» ነው ያለን።

ክዳኑን ከሰልባትዮው ፈትቼ እጁ ላይ አስቀምጬ ነገርኩት። ጎማውን አነሳ፣ ሰሙን በጥፍሩ ነካ።

«እንግዲህ እኔ አይደለሁም?»

«አንተ አይደለህም ጋሼ።»

አንገቱን ደፋ። «መርማሪው ‹እግርህን ምን አደረግከው?› እያለ ጠዋት ማታ ይጠይቀኝ ነበር። እኔም ማሰብ ጀመርኩ። ልቤ እዚያ ቤት ሲደርስ እግሬ ሳላውቀው እየተነሳ ይሆን? እላለሁ። ታደለች፣ ነገ ‹አዎ፣ ያቆምኳት እኔ ነኝ› ብዬ ልፈርም ነበር እኮ።»

«ሞኝ!» አለችው እትዬ ታደለች እንባዋን እየጠረገች። «እኔ ለምኜህ እንኳ ከወንበር የማይነሳ እግር፣ ሳታውቀው ምን ሊያደርግ ነው?»

ጋሽ ሸምሱ በዚያ ሰሞን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «ግቡ፣ እናድርሳችሁ» አለ።

እኔ ክዳኑን መልሼ ገጥሜ ወደ መሪው ስሄድ ጋሽ ኤርጫፎ እጁን ዘረጋ። ቁልፉን ሰጠሁት። እትዬ ታደለች ከጎኑ ተቀመጠች፤ እኔና ጋሽ ሸምሱ ከኋላ። በዝግታ ነዳት፤ በሀዲይኛ አንድ ሁለት ነገር እያላት። ቤቱ ደጃፍ ስንደርስ ጎረቤቶቹ ሞተሩን ሰምተው ወጥተው ነበር። ጋሽ ኤርጫፎ አልወረደም። ትንሽ አዳመጣት፣ ከዚያ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሯ ጸጥ አለ። ቁልፉን አውጥቶ ለሁላችንም እንዲታይ ከፍ አደረገው።

«አያችሁ?» አለ። «አሁን ያጠፋኋት እኔ ነኝ።»